ለታኅሣሥ ዝናብ የሚሆን ሸራ፦ ከሸዋሮቢት እስከ ጅሩ ምን ይገዛ?

ታኅሣሥ ላይ ከጣርማበር ራስ የተነሣ ደመና ወደ ቆላው ሲያዘነብል ሸዋሮቢት ውስጥ ቀድሞ የሚሮጠው ማሾ ያሰጣ ሰው ነው። ቀጥሎ የሽንኩርት ነጋዴው፣ ከዚያ ማሽላውን አውድማ ላይ የዘረገፈው። ቆላው በዚህ ወር ዝናብ አይጠብቅም፤ ስለዚህ የዓመቱ ድካም ሁሉ ውጭ ነው፦ በረንዳ ላይ፣ አስፋልት ዳር፣ ሜዳ ላይ። ሱቅ በር ላይ «ሸራ አለ?» የሚል ጥያቄ የሚበዛውም ያኔ ነው። በዚያ ሰዓት የሚገዛ ሸራ ግን አይለካም፣ አይመዘንም፤ የተገኘውን ይዞ መሮጥ ብቻ ነው። ሸራ መመረጥ ያለበት ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ ጥቅምት ላይ ነው።

በሰሜን ሸዋ ገበያዎች ለምርት ሽፋን የሚቀርበው ነገር በአራት ይከፈላል፦ ስስ ላስቲክ፣ ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋ፣ የተሸመነ የፕላስቲክ ሸራ፣ እና የመኪና ሸራ። አራቱንም የምንመዝነው በሁለት ጥያቄ ነው። አንደኛው ውሃ ያስገባል ወይ የሚለው ነው፤ ይህን ሁሉም ገዢ ይጠይቃል። ሁለተኛው ከሥር ያለው ምርት እንዲተነፍስ ያደርጋል ወይ የሚለው ሲሆን፣ ይህን የሚጠይቅ ገዢ እምብዛም አይገኝም። ግማሽ ሰዓት የጣለ የበጋ ዝናብ ላዩን ያረጠበውን እህል ቀጥሎ የሚመጣው ፀሐይ ያደርቀዋል። አምስት ቀን ሙሉ በሸራ ታፍኖ የከረመ ክምር ግን ከውስጥ ይሞቃል፣ ይሻግታል፤ ያንን ፀሐይ አይመልሰውም።

ከስስ ላስቲክ እንጀምር። በሜትር እየተቆረጠ የሚሸጠው ነው፤ ጥቁርም ነጭም አለ። አዲስ ሳለ ጠብታ አያሳልፍም፤ ዋጋውም ቀላል ነው። ችግሩ የሚመጣው የነዶ ቂንጣ ወይም የማሽላ አገዳ ስለት ሲነካው ነው። አንዴ ከተበሳ ቀዳዳው በነፋስ እየተቀደደ ይረዝማል። ገመድ ማሰሪያ ስለሌለው ብዙዎች ድንጋይ ይጭኑበታል፤ ድንጋዩ ያረፈበት ጎድጎድ ይላል፣ ጎድጓዳው ውሃ ይይዛል፣ ውሃው ከድንጋዩ ጋር ሆኖ ላስቲኩን ይበሳዋል። ጥቁሩ በፀሐይ ይግላል። ነጩ ብርሃን የሚያሳልፈው ደግሞ ሙቀቱን ውስጥ ያስቀራል፤ እርጥብ እህል ላይ ተኝቶ ቀኑን ከዋለ ከሥሩ ያለው አየር እንደ እንፋሎት ቤት ነው። በእኛ ግምት ስስ ላስቲክ ከላይ የሚለበስ ዕቃ አይደለም። ከሥር ተነጥፎ የመሬቱን እርጥበት ለመከልከል ግን ጥሩ ነው፤ ለዚህ ሥራ ከእሱ የተሻለ መግዛትም ገንዘብ ማባከን ነው።

ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋው ብዙ ቤት አለ፤ ባዶ ከረጢት ስለማይጠፋ ለብቻው ወጪ የለውም። ሽመናው ክፍት ስለሆነ ይተነፍሳል፤ ካፊያም ለጥቂት ጊዜ ያንሸራትታል። ከባድ ዝናብ ሲመጣ ግን በሽመናውም በስፌቱም ያስገባል። ትልቁ ጥቅሙ ከሸራ በታች ሁለተኛ ልብስ ሲሆን ነው፤ ወደዚህ እንመለሳለን። አንድ ነገር ግን ሳይባል አይታለፍም። ዩሪያ ወይም ኤንፒኤስ የነበረበት ከረጢት ሳይታጠብ የሚበላ እህል አይነካም። የማዳበሪያው ብናኝ ራሱ እርጥበት ይስባል፤ ከረጢቱ ሳይዘንብበት ጠዋት ጠዋት የሚርሰው በዚህ ነው። ተገልብጦ፣ ተራግፎ፣ ሁለቴ በውሃ ታጥቦ ይሰፋ። የጸረ ተባይ መድኃኒት የነካው ከሆነ መታጠብም አያድነው፤ ለእህል አይሁን።

አሁን ወደ ዋናው ዕቃ፣ ወደ ተሸመነው የፕላስቲክ ሸራ። ጠጋ ብሎ ያየው ሰው ሦስት ነገር ያገኛል፦ መሃል ላይ ከቀጫጭን የፕላስቲክ ጥብጣብ የተሸመነ መረብ፣ ከላይና ከታች ደግሞ የተለበጠ ስስ ልባስ። ጥንካሬው ከሽመናው ነው፤ ውሃ የሚከለክለው ግን ልባሱ ነው። ስለዚህ ልባሱ የተላጠ ሸራ ለዓይን ሙሉ ሆኖ ሳለ ያፈሳል። ያረጀ ሸራ ሲገዛ ወይም ሲዋሱ የሚፈተሸው ይህ ነው። የታጠፈበትን መስመር በጥፍር ፋቅ ማድረግ፤ ነጭ ቅርፊት እየተነሣ የሚረግፍ ከሆነ ዕድሜው አልቋል።

አዲሱን ሲገዙ ቀለሙ አያታልል። ሻጩ «ወፍራም ነው» ሲል ማለት የፈለገው ከሌላው ቀጭን ይበልጣል ነው። እውነቱን የሚናገረው ሚዛን ነው። ሸራው ተጠቅልሎ እንዳለ ይመዘን፤ ክብደቱ በግራም ለስፋቱ ይካፈል። 4 በ5 ሜትር የሆነ ሸራ 20 ካሬ ሜትር ነው፤ 4 ኪሎ ከመዘነ በካሬ ሜትር 200 ግራም ወጣው ማለት ነው። ይህ በጣም ጥሩ ነው፤ ለተፈናቃዮች መጠለያ የሚታደሉት ጠንካራ ሸራዎችም በዚህ ልክ የተሠሩ ናቸው። ያው 4 በ5 ሸራ 1 ኪሎ ከ600 ግራም ብቻ ከመዘነ 80 ግራም ነው፤ ለአንድ በጋ የቆላ ፀሐይ እንኳ አይበቃም። ከ120 እስከ 140 ግራም ያለው በጥንቃቄ ከተያዘ ይሠራል። ሁለት ሱቅ ሁለት ዋጋ ከጠሩ ዋጋውን ለኪሎ አካፍሎ ማወዳደር ነው፤ ርካሽ የመሰለው ብዙ ጊዜ ውድ ሆኖ ይገኛል።

ስፋቱም ይለካ። 6 በ8 ተብሎ የታሸገ ሸራ ተዘርግቶ ሲለካ 5 ሜትር ከ70 በ7 ሜትር ከ70 የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ፋብሪካው የሚጽፈው ጠርዙ ከመታጠፉ በፊት ያለውን ልክ ስለሆነ ነው። ጠርዙ ውስጥ ገመድ መግባቱን በጣት ጨብጦ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ማሰሪያ የሚገባባቸው የብረት ቀለበቶችም ከ1 ሜትር በላይ መራራቅ የለባቸውም፤ ማዕዘኖቹ ላይ ደግሞ ድርብ ጨርቅ መኖር አለበት። ቀለበቱ በነጠላው ላይ የተመታ ከሆነ የመጀመሪያው ነፋስ ይነቅለዋል።

የመኪና ሸራ ሌላ ነገር ነው። በካሬ ሜትር ከ500 እስከ 650 ግራም ይመዝናል፤ 6 በ8 የሆነው ወደ 30 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። ዝናብ አያስገባም፣ ነፋስ አያነሣውም፣ ዓመታት ይቆያል። ግን ደመና ሲመጣ አንድ ሰው ብቻውን አንሥቶ አያለብሰውም፤ ለበጋ ዝናብ ደግሞ ፍጥነት ዋናው ነው። በደጋው፣ ደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ውርጭ ባደረበት ጠዋት ይህ ሸራ እንደ እንጨት ይደርቃል፤ ያኔ በግድ ከታጠፈ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። ፀሐይ እስኪያለሰልሰው መጠበቅ ነው። ለመኪናና ለመጋዘን እንጂ ለአውድማ አንመክረውም።

ስፋት እንዴት ይመረጥ? ለክምር የሚሆነው ቀላሉ መለኪያ ገመድ ነው። በክምሩ አናት ላይ ከአንዱ ጎን መሬት እስከ ሌላው ጎን መሬት ገመድ ይጣል። ሥሩ 4 ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ሾጣጣ ክምር ላይ ገመዱ ከ7 ሜትር ይበልጣል። እንግዲህ 6 በ8 ገዝቶ ክምሬን ሙሉ በሙሉ አለብሳለሁ ያለ ሰው በአንዱ ጎን ከ1 ሜትር በላይ ያጥረዋል ማለት ነው።

ግን ጥያቄው ራሱ መለወጥ አለበት፤ ክምር ሙሉ በሙሉ መልበስ የለበትም። የክምር አሠራር የሚያውቅ ሰው፣ በሰሜን ሸዋው ደጋ በጅሩ እንደሚታየው፣ ዛላውን ወደ ውስጥ ቂንጣውን ወደ ውጭ አድርጎ፣ የውጩን ጫፍ ትንሽ ወደ ታች አዘንብሎ ነዶውን ይደረድራል። እንዲህ የተከመረ ነዶ ጎኑ ራሱ እንደ ሣር ክዳን ውሃ ያወርዳል። ውሃ የሚገባው በአናቱ ነው። ስለዚህ በደንብ ለተሠራ ክምር 4 በ5 ሸራ አናቱ ላይ ደፍቶ ከላይ ያለውን ሲሶ ያህል መሸፈን ይበቃል፤ ጎኑ ክፍት ሆኖ ነፋስ ይመላለስበታል። ዛላው በየአቅጣጫው ወጥቶ በችኮላ የተቆለለ ከሆነ ግን 8 በ8 ሸራም አያድነው። ገንዘብ ለሸራ ከማውጣት ክምር የሚያውቅ ሰው ጠርቶ ማስተካከል ይሻላል።

ለተወቃ እህል ነገሩ ሌላ ነው። 10 ኩንታል ጤፍ አውድማ ላይ ቢቆለል ሥሩ ወደ 2 ሜትር ተኩል ነው የሚሰፋው፤ 4 በ5 ሸራ ተትረፍርፎ ይሸፍነዋል። እዚህ ላይ የሚበዛውና ብዙ ምርት የሚያበላሸው ስሕተት ከሥር የሚነጠፈው ነው። የሥረኛው ንጣፍ ከላይኛው ሸራ ወጣ ካለ፣ አንድ ስንዝር እንኳ ቢሆን፣ ከላይ የወረደው ውሃ በሙሉ እዚያ ወጣ ያለው ላይ ያርፍና ወደ መሃል ይገባል። ጠዋት ሲገለጥ ላዩ ደረቅ፣ ሥሩ ጭቃ የሆነ እህል ይገኛል፤ ሰውም «መሬቱ አመነጨው» ይላል። መሬቱ አይደለም። የሥረኛው ጠርዝ ዙሪያውን ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ ከእህሉ ሥር ይደበቅ፤ የላይኛው ደግሞ በየጎኑ ቢያንስ አንድ ክንድ አልፎ መሬት ይንካ። ከአውድማው በላይ በኩል አንድ መዳፍ ጥልቀት ያላት ቦይ ከተቀደደች ይበቃል። በጋ የደረቀ የቆላ መሬት ላዩ እንደ ሸክላ ስለሚሆን የመጀመሪያውን ዝናብ አይጠጣም፤ ያንሸራትተዋል። ጎርፉ ከዝናቡ ብዛት በላይ የሚመስለው ለዚህ ነው።

አሁን ስለ መተንፈስ። ሸራ ለብሶ ያደረ እህል ላይ ጠዋት ሸራውን ሲገልጡ ከውስጡ ጠብታ ይወርዳል። ብዙ ሰው «አፈሰሰ» ብሎ ሸራውን ይረግማል፣ ሻጩንም ይወቅሳል። ሁለቱን መለየት ይቻላል። ጠብታው በሸራው የውስጥ ገጽ ላይ በሙሉ፣ ጥቃቅንና እኩል ሆኖ ከታየ ላብ ነው፤ ከእህሉ የወጣ እንፋሎት ቀዝቃዛውን ሸራ ሲነካ ውሃ ሆኖ ነው። በመስመር ወይም በአንድ ቦታ ብቻ ከታየ ግን ፍሳሽ ነው፤ ቦታውም ብዙውን ጊዜ እጥፋት፣ ስፌት ወይም የድንጋይ መቀመጫ ነው። ላቡ የበጋ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ሲል ይብሳል፤ ቀን የሞቀው እህል ከሥር፣ በብርድ የቀዘቀዘው ሸራ ከላይ ይሆናሉ።

መፍትሔው ሸራው እህሉን እንዳይነካ ማድረግ ነው። ሁለት ባላ እንጨት ተተክሎ በመሃላቸው አግዳሚ ይጋደም፤ ሸራው በአግዳሚው ላይ እንደ ድንኳን ይለፍ፤ በእህሉና በሸራው መካከል ቢያንስ አንድ ስንዝር ክፍት ይኑር፤ ሁለቱ ጫፎች ከዝናቡ በኋላ ይከፈቱ። ለዚህ ጊዜ ከሌለ እህሉ ላይ መጀመሪያ የታጠበ የማዳበሪያ ከረጢት፣ በላዩ ሸራ ይልበስ፤ ከረጢቱ ላቡን ይይዛል፣ ጠዋት ለብቻው ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ሸራው የሚነሣው ጤዛው ሲደርቅ ነው፤ በቆላው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ በደጋው ትንሽ ቆይቶ። የሚመለሰው ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት፣ 11 ሰዓት ላይ። «ነገም ሊዘንብ ይችላል» ብሎ ቀኑን ሙሉ አልብሶ መዋል ነው እህል የሚያጠፋው።

አስተሳሰሩ ላይ ብዙ ሸራ በከንቱ ይቀደዳል። ገመዱ በቀለበቱ ገብቶ በቀጥታ ከችካል ጋር ከተወጠረ ነፋስ ሲነሣ ኃይሉ በሙሉ ቀለበቱ ላይ ነው። በመካከል ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ የተቆረጠ አንድ ስንዝር ጥብጣብ ይግባ፤ ሲነፍስ ይሳባል፣ ሲቆም ይመለሳል። ችካል የማይተከልበት ድንጋያማ ቦታ ከሆነ ድንጋዩ ከላይ አይጫን፤ በገመድ ታስሮ በጎን ይንጠልጠል። ቀለበቱ የተነቀለ ሸራ አይጣልም። የእንቁላል ያህል ለስላሳ ጠጠር ከሸራው ሥር ይደረግና ሸራው በላዩ ተሰብስቦ አንገቱ በሲባጎ ይታሰር፤ ይህ ከፋብሪካው ቀለበት ይበልጥ ይጠነክራል። ቀዳዳ ግን በተራ ማስቲሽ አይጣፍም፤ ይህ ዓይነት ፕላስቲክ ማስቲሽ አይዝለትም። ከሁለቱም ወገን ቁራጭ ተደርጎ በወፍራም ክር ይሰፋና ስፌቱ በሻማ ይታሽ።

ለገበያ ጥላ ሸራ የሚወጥሩ የሸዋሮቢት ነጋዴዎች አንድ ስሌት ሊያውቁ ይገባል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። 6 በ8 ሸራ ጠፍጣፋ ሆኖ ተወጥሮ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብበትና ውሃው ባይወርድ 960 ሊትር ይሸከማል፤ አንድ ቶን ሊሆን ምንም አይቀረው። ምሰሶውን የሚጥለው ይህ ነው፤ ከሥሩ ሰው አለ። ለ4 ሜትር ስፋት መሃሉ ከጠርዙ ቢያንስ 1 ሜትር ከፍ ይበል። መሃሉ የረገበ ሸራ ሥር ዝናቡ እስኪያባራ መጠለል አይገባም።

ሰብሎቹ እኩል አይጎዱም፤ ሸራውም ለሁሉ አይበቃም፤ ስለዚህ ማን ይቅደም? ማሾ። የደረሰ ማሾ በቆባው ውስጥ እንዳለ ከረጠበ በጥቂት ቀን ውስጥ እዚያው ይበቅላል፤ ባይበቅል እንኳ የሚያብረቀርቀው አረንጓዴ ቀለም ይደበዝዛል፣ ዋጋውም አብሮት ይወርዳል። ቀጥሎ የተወቃ ጤፍ። ማሽላ በዛላው ሳለ ትንሽ ይታገሣል፤ ግን ከረጠበ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ሳያገኝ እንዳይቆለል። የተቆለለ ክምር ውስጡ መሞቁን ለማወቅ ረጅም ብረት እስከ መሃሉ ወግቶ ሩብ ሰዓት ማቆየትና አውጥቶ በእጅ መንካት ነው፤ እጅ ካቃጠለ ክምሩ በዚያው ቀን ይፍረስ።

ሽንኩርት ከሁሉም ይለያል። ዝናብ የነካው ሽንኩርት አይታጠብ፣ በጆንያ አይታጨቅ፤ ጥላ ሥር በስሱ ተበትኖ አንገቱ እስኪደርቅ ይቆይ። ወደ አዲስ አበባ በአይሱዙ ሲጫን የመኪናው ሸራ ከላይ ብቻ ይሁን፤ ከፊትና ከኋላ ተከፍቶ ነፋስ ይለፍበት። ሙሉ በሙሉ ታፍኖ የሄደ ጭነት 200 ኪሎ ሜትር ከምናምን ተጉዞ ሲደርስ ሸራው ሲነሣ የሚወጣው ሽታ ብቻ ነገሩን ይናገራል።

ወደ ከረጢት ከመግባቱ በፊት እህሉ መድረቁን የሚለካ መሣሪያ የሌለው ሰው በጨው ይሞክር። ደረቅ ክዳን ያለው ጠርሙስ፣ በፀሐይ የደረቀ ሁለት ሦስት ማንኪያ ጨው፣ የጠርሙሱን ሲሶ የሚሞላ እህል። አንድ ደቂቃ ይናጥ፣ ሩብ ሰዓት ይቀመጥ። ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከመቶ 15 በላይ ነው፤ ገና አልደረቀም። በተለይ ፒክስ በሚባለው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ለሚያስቀምጥ ሰው ይህ ሙከራ ግዴታ ነው። ከረጢቱ አየር ዘግቶ ነቀዝን ይገድላል፤ እርጥብ እህል ከገባበት ግን መድረቂያ መንገድ የለውም፤ ይሻግታል።

ዝናቡ መቼ እንደሚመጣ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል ወይ? በከፊል። በበጋ የሚነፍሰው ከዓረብና ከእስያ የሚመጣ ደረቅ አየር ነው። ከሰሜን የሚወርድ ቀዝቃዛ የአየር ሥርዓት ከቀይ ባሕርና ከዓረቢያ ባሕር እርጥበት ጋር ሲገናኝ ነው ያለወቅቱ የሚዘንበው። የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ከወትሮው አብልጦ የሞቀበት የ2012 ዓ.ም. በጋ ለምሥራቅ አፍሪካ እንዲህ ያለ ነበር። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት በየ10 ቀኑ የሚያወጣው ትንበያ ላይ «ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ» የሚል ቃል ከተሰማ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ እስኪመጣ መጠበቅ የለም፤ ያኑ ቀን መውቃት ያለበት ይወቃ፣ ሸራው ከቆጥ ይውረድ።

ለአንድ ቤት ምርጫችን ይህ ነው፦ በካሬ ሜትር ከ180 እስከ 200 ግራም የሆነ 4 በ5 ሸራ ሁለት፣ ከሥር የሚነጠፍ ላስቲክ፣ እና አሥራ አምስት ያህል የታጠበ ከረጢት። አንድ ትልቅ ከመግዛት ሁለት ትንሽ ይሻላል፤ አንዱ ክምር ላይ ሌላው አውድማ ላይ ይሆናል፣ አንድ ሰውም ብቻውን ያለብሰዋል፣ ሲቀደድም ግማሹ ይተርፋል። ብርማ ወይም ነጭ ከተገኘ ከጥቁርና ከሰማያዊ ይመረጥ፤ ፀሐዩን ይመልሳል።

ሥራው ሲያልቅ ሸራው በሁለቱም ገጽ ደርቆ ይጠቅለል እንጂ አይታጠፍ፤ መታጠፍ ካለበትም እጥፋቱ በየዓመቱ ቦታ ይለውጥ። ወለል ላይ ከተቀመጠ አይጥ በእጥፋቱ ጎጆ ይሠራል፤ አንድ ጊዜ ሲበሳው በየእጥፉ አሥር ቀዳዳ ይሆናል፤ ስለዚህ ከወጋግራው ላይ በገመድ ይንጠልጠል። መስከረም መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ አውርዶ ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ ወደ ፀሐይ ያንሣው፣ ሦስተኛው ከሥሩ ገብቶ ይመልከት። የብርሃን ነጥብ በታየበት ሁሉ በከሰል ምልክት ይደረግና ይጣፍ። ነጥቦቹ ከእጥፋት እስከ እጥፋት እንደ ወንፊት ከሆኑ ሸራው ወደ ሥረኛ ንጣፍነት ይውረድ፤ ለላይኛው ሌላ ይገዛ።